ጎሚስታው ቶለሳና ስኮርታ የሌላት ማኪና

ቶለሳ ብሎን የሚያላላው ማኪናው ገና መሬት እንደረገጠ ነው፤ እያንዳንዱን ግማሽ ዙር ብቻ። ክሪክ የሚያስገባው ከዚያ በኋላ ነው። ማኪናው ከተነሳ በኋላ ብሎን የሚታገል ሰው ከጎማው ጋር አብሮ ይዞራል። ጎማው ሲወርድ የቫልቮላውን መርፌ በትንሽ መፍቻ ፈትቶ አየሩን ያስተነፍሳል። መርፌዋን መሬት አያስቀምጣትም፤ በከንፈሩ ይይዛታል። ቀጥሎ የጎማውን ጠርዝ በመዶሻ እየመታ ከቸርኬው ያላቅቃል፤ ሁለት የብረት ማንሻ አስገብቶ ዙሪያውን ይፈለቅቃል፤ አየር የሚይዘውን ውስጠኛውን ፊኛ፣ ካላማዳሪውን፣ እንደ በግ አንጀት ስቦ ያወጣል።

አሁን እጁን ባዶው ጎማ ውስጥ ይከታል። የሚዳስሰው በመዳፉ ሳይሆን በጣቶቹ ጀርባ ነው። የመዳፉ ቆዳ ወደ አርባ ዓመት የሠራ ቆዳ ስለሆነ ሚስማር ቢወጋውም ቶሎ አይሰማም፤ የጣት ጀርባ ግን ስስ ነው፣ ሳይወጋ ይናገራል። ሚስማሩን በጉጠት ነቅሎ ለባለቤቱ ያሳያል። ካላማዳሪውን ነፍቶ በግማሽ በርሜል ውሃ ውስጥ እያዞረ ይነክራል፤ አረፋ የወጣበትን ቦታ በጠመኔ ይከባል። በጨርቅ ያደርቃል፣ በሞረድ ይፍቃል፣ ማስቲሽ ይቀባል። ከዚያ ይጠብቃል። የሚጠብቀው በሰዓት አይደለም፤ አቡነ ዘበሰማያትን ሰባት ጊዜ በልቡ ደግሞ ነው። ስድስት ያንሳል፣ ልጣፊው ይንሸራተታል። ስምንት ይበዛል፣ ማስቲሹ ይሞታል። ሰባተኛው ሲያልቅ ልጣፊውን አስቀምጦ ከመሀል ወደ ዳር በመዶሻ ይደቁሰዋል። ጎማው ሲመለስ ብሎኖቹን የሚያጠብቀው በመስቀለኛ ነው እንጂ በተርታ አይደለም።

ሱቁ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ዳር ያለች የቆርቆሮ ቤት ናት። ዕድሜው ሃምሳ ስድስት ነው። አባቱ ከተራራው ማዶ ገበሬ ነበሩ፤ እሱ በአሥራ ሰባት ዓመቱ ወርዶ አንድ የሸመገለ ጎሚስታ ዘንድ ሥራ ለመደ፣ እዚያው ቀረ።

የጎሚስታ ሀብቱ ኮምፕሬሰሩ አይደለም፤ ቃሉ ነው። «ይሄ ጎማ ቁልቁለቱን አይችልም» ሲል ሾፌሩ ካመነው ጎሚስታ ነው። ካላመነው አየር ሞዪ ነው። ቶለሳ ባለፈው ዓመት ይህን ቃሉን ሊያጣ ለጥቂት ነበር። ለዚህ የዳረገችው ደግሞ ማርስ ላይ ያለች ማኪና ናት።

ነገሩን ያመጡት እትዬ ንግሥት ናቸው። ከሱቁ ጀርባ የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው። አንድ ቀን ስልካቸውን ይዘው መጡና፣

«ቶለሳ፣ ይህን ጎማ እስኪ እይልኝ» አሉት።

ፎቶው ላይ ያለው ጎማ ብረት ነው። መሀሉ ተቀዷል፤ አንዱ ቀዳዳ ጣት ሳይሆን እጅ ያስገባል።

«የማን ነው? እንዲህ እስኪሆን የሚነዳው የት ያለ ደንቆሮ ነው?»

«ነጂዎቹ አሜሪካ ተቀምጠው ነው የሚነዱት። ማኪናዋ ማርስ ላይ ናት።»

ቶለሳ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ስልኩን ተቀበለ። እትዬ ንግሥት አስረዱት። ስሟ ኩሪዮሲቲ ነው፤ በ2004 ሐምሌ ማለቂያ ላይ አረፈች፤ ጎማዎቿ ስድስት ናቸው፣ ከአሉሚኒየም የተሠሩ፤ የጎማው ቆዳ ውፍረት አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ ሹል ድንጋይ ነው የቀደደው። ቶለሳ ሦስት ነገር ጠየቀ።

«ስኮርታስ፣ መቀየሪያ ጎማስ?»

«የላትም።»

«ጎሚስታስ?»

«ማን ይሂድላት?»

«ታዲያ ስንት ኪሎ ሜትር ሄደች?»

«ሠላሳ አልፋለች።»

ከጉለሌ ሱሉልታ ደርሶ መልስ ያህል መሆኑ ነው። በአሥራ ሁለት ዓመት። በተቀደደ ጎማ። ያን ቀን ቶለሳ ሌላ ወሬ አላወራም።

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ ሱቁ ደጃፍ ላይ ሰው መሰብሰብ ጀመረ። በአሮጌ ጎማዎች ላይ ይቀመጣሉ፤ እትዬ ንግሥት ብቻ ወንበር አላቸው። እሳቸው የሳምንቱን ፎቶዎች ከኢንተርኔት ያወርዳሉ፣ እንግሊዝኛውን ያስረዳሉ። ቶለሳ በአንድ ትልቅ ካርቶን ላይ የመንገዷን ካርታ ገልብጦ ሰቅሏል፤ ከሽሮ ሜዳ ሸማኔ የለመነውን ቀይ የጥለት ክር በማስቲሽ እየለጠፈ የሄደችውን ያህል ያስከትላል። አንዳንድ ሳምንት ክሩ የሚጨመርለት የሩዝ ፍሬ ያህል ነው፤ ጭራሽ የማይጨመርበትም ሳምንት አለ። ስሟን «በቅሎዋ» ብሎ ያወጣላት የሚኒባስ ሾፌሩ ወልዱ ነው። ወልዱና ቶለሳ ሠላሳ ዓመት የሚተዋወቁ፣ ሳይሰዳደቡ ሰላምታ የማይሰጣጡ ጓደኞች ናቸው።

«በዚህ ፍጥነት እኔ ብነዳ» ይላል ወልዱ፣ «ተሳፋሪው ወርዶ በእግሩ ይሄዳል፤ ሂሳቡንም መልስ ይለኛል።»

«አንተ በዚያ ድንጋይ ላይ ብትነዳ» ይለዋል ቶለሳ፣ «ገና ከመናኸሪያው ሳትወጣ ቸርኬህን ተሸክመህ ትመለስ ነበር።»

ቶለሳ የሚያያቸው ፎቶዎች ሌሎቹ የሚያዩዋቸው አይደሉም። ተራራውና ሰማዩ አይገርመውም። የሚፈልገው ማኪናዋ ወደኋላ ዞራ ያነሳችውን፣ የጎማዋን ዱካ ነው። ይህ የሙያ ልማድ ነው። ክረምት ላይ ሱቁ ፊት ያለው ጭቃ ላይ የሚያልፈውን ሁሉ ዱካ ያነባል። በአንድ ጎማ ዱካ ላይ አንድ ዓይነት ጠባሳ በእኩል ርቀት እየተደጋገመ ከታየ፣ ጎማው እዚያው ቦታ ላይ ተጎድቷል ማለት ነው፤ በሁለቱ ጠባሳ መካከል ያለው ርቀት የጎማው አንድ ዙር ነው። በዚህ መንገድ ስንቱን ሾፌር ከመንገድ አስቁሞ «የኋላ ግራህን እይ» ብሎታል። አንድም ጊዜ አልሳተም።

ኅዳር ማለቂያ ላይ እትዬ ንግሥት አንድ አዲስ ፎቶ አመጡ። አሸዋ ላይ ረጅም ዱካ። ቶለሳ ስልኩን አንዴ አራቀው፣ አንዴ አቀረበው።

«ቆይ፣ ቆይ። ይቺን ታያላችሁ? እዚህ ጋ ሸንተረሩ ተቋርጦ ጉብታ ጉብታ አለው። እዚህ ጋም። እዚህ ጋም። በእኩል ርቀት ነው። በቃ፣ ይሄ ጎማ አንድ ቦታ ላይ ተበስቷል። ወልዱ፣ ያቺ በቅሎህ አበቃላት። ስድስት ወር አትቆይም።»

«ማል!» አለ ወልዱ።

«በሙያዬ።»

በማግስቱ ወሬው የሽሮ ሜዳን የታክሲ ተራ ሞላው። ወልዱ ለወደደውም ላልወደደውም ተናገረ፤ «ቶሌ እኮ አሜሪካኖቹ ያላዩትን አየ!» ቶለሳም ቢሆን አልተደበቀም፤ በሱቁ በር ላይ በጠመኔ «የበቅሎዋ ጎማ ተበስቷል» ብሎ ጻፈ። ጎማ ሊያስነፋ የመጣ ሁሉ ይጠይቀዋል፣ እሱም ያስረዳል።

በሦስተኛው እሑድ ሀያም መጣች። ሀያም የመንገድ ቀያሽ ናት፤ እዚያው ሠፈር ነው የምትኖረው፣ ከወር በፊት ነው ወደ ስብሰባው የተቀላቀለችው። ብዙ አትናገርም። ያን ቀን ግን ወረቀት ላይ ያሳተመችው ሌላ ፎቶ ይዛ ነበር።

«ጋሽ ቶለሳ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የሚስማር ቀዳዳ ጠርዙ ምን ይመስላል?»

«የተቀደደ፣ የተቦጫጨቀ።»

«ቀጥ ያለ፣ በመቀስ የተቆረጠ የሚመስል ቀዳዳ አይተው ያውቃሉ?»

«ሚስማር መቀስ አይደለማ።»

ወረቀቱን ሰጠችው። የማኪናዋ ጎማ ከቅርብ የተነሳ ፎቶ ነው፣ ገና ወደ ማርስ ሳትላክ። አዲስ ጎማ። አንዱ ወገኑ ላይ በተርታ የተቆረጡ ትንንሽ አራት ማዕዘን ቀዳዳዎች አሉት፤ አጭር፣ ረጅም፣ አጭር።

«ስድስቱም ጎማ ላይ ያው ነው ያለው» አለች ሀያም። «ሲሠሯት ነው የቆረጡት። የሠሪዎቿ ስም ነው፣ በድሮው የሽቦ ቴሌግራፍ ነጥብና ሰረዝ የተጻፈ። አሸዋ ላይ ሲታተም በካሜራ እያዩ ስንት ዙር እንደሄደች፣ ምን ያህል እንደተንሸራተተች ያውቁበታል። እኔም መንገድ ስለካ የመለኪያው ጎማ ላይ ቀይ ፕላስተር እለጥፋለሁ፤ ዙሩን ለመቁጠር። እና ፎቶውን ሳየው... እ... ማለቴ፣ የኔን ፕላስተር መሰለኝ።»

ማንም አልሳቀም። ቶለሳ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ ቆጠረ።

«ድንጋዩ የቀደደውስ?» አሉ እትዬ ንግሥት፣ እንደ መደገፍ ብለው።

«እሱም አለ፣ እውነት ነው» አለች ሀያም። «ግን ሌላ ቦታ ነው። ዱካው ላይ የታየው እሱ አይደለም።»

«ስድስት ጎማ» አለ ቶለሳ በመጨረሻ፣ «በአንድ ዓይነት ሚስማር፣ በአንድ ዓይነት ቦታ አይበሳም። ሌላኛውን ዱካ እኮ አላየሁም። አንዱን አይቼ ነው የፈረድኩት።»

ተነስቶ በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ በእርጥብ ጨርቅ ጠረገ። በምትኩ ምንም አልጻፈም። በሚቀጥለው እሑድ ሱቁ ዝግ ነበር። ወደ ቤቱ ሄደው የጠየቁትን «ጉንፋን ይዞኛል» አላቸው።

ስህተቱን ግን ወልዱ አልጠረገውም። ወሬውን ባሰራጨበት ጉልበት እርማቱንም አሰራጨ፣ በሳቅ ቀምሞ። ሾፌሮቹ ቀልድ አገኙ። አንዱ ሚስማር የወጋውን ጎማ ይዞ ይመጣና፣ «ተወው ጋሽ ቶለሳ፣ ኪሎ ሜትር መቁጠሪያዬ ነው!» ይላል። ሌላው «የጨረቃዋስ ማኪና እንዴት ናት? ዘይት ትፈልጋለች?» ይላል። ቶለሳም አብሮ ይስቃል። መሳቁ አይደለም የከበደው። ታኅሣሥ ማለቂያ ላይ አንድ የፒክአፕ ሾፌር፣ ቶለሳ የፊት ጎማህ ሽቦው ወጥቷል ሲለው፣ «አንተ ደግሞ ያየኸው ሁሉ ይበሳብሃል» ብሎ አየሩን ብቻ አስነፍቶ ሄደ። ያን ቀን ቶለሳ አልሳቀም።

ጥር ሃያ አንድ፣ የአስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ወልዱ ሚኒባሱን ሱቁ ፊት አቆመ። የማርያም ማኅበርተኞችን ወደ እንጦጦ ማርያም ሊያወጣ ተነጋግሯል፤ አሥራ አንድ ሰው ነጠላውን አጣፍቶ ውስጥ ተቀምጧል፤ አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ሴቶች ናቸው።

«ቶሌ፣ የፊት ቀኙ ትንሽ እየጎደለብኝ ነው። ሙላልኝና ልብረር፣ ቅዳሴ ሊገባ ነው።»

ቶለሳ አየር አልሞላም። ብሎን አላልቶ፣ ክሪክ አስገብቶ ጎማውን አወረደ። የሚጎድለው ከቫልቮላው መርፌ ነበር፤ ቀየራት። ከዚያ ጎማውን አቁሞ ቀስ ብሎ እያንከባለለ በጣቶቹ ጀርባ ጎኑን ዳሰሰ፤ ውጭ የሚታየውን ጎን ሳይሆን ወደ ማኪናው ሆድ የሚዞረውን። አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ተመለሰ። እንደገና ቆመ።

«ይሄ አይሄድም።»

«ምኑ?»

«ጎኑ አብጧል። የግማሽ ሎሚ ያህል። ውስጡ ክሩ ተበጥሷል ማለት ነው፤ አየሩን የያዘው ላስቲኩ ብቻ ነው። አውርዳቸው።»

ወልዱ ወደ ተሳፋሪዎቹ ዞሮ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ሰምታችኋል? የማርሷም ተበስታለች ብሎን ነበር! ይኸው እስከ ዛሬ እየነዷት ነው።»

ውስጥ ካሉት አንዳንዶቹ ሳቁ።

«ጎማዬን ግጠም፣ ቶሌ።»

«ስኮርታህን አምጣ እሱን እገጥማለሁ።»

«ስኮርታዬ ራሰ በራ ነው፣ ታውቀው የለ!»

«እንግዲያው አትሄድም።»

«አንተ ማነህ አትሄድም የምትለኝ? ትራፊክ ነህ? ወር ሙሉ ይዤው ዞሬያለሁ!»

ቶለሳ ጎማውን ለቀቀና ወደ ሚኒባሱ በር ቀረበ። ተሳፋሪዎቹ ሁሉ በሚሰሙት ድምፅ ተናገረ።

«እውነቱን ነው፣ የማርሷን ተሳስቻለሁ። ያየሁት ፎቶ ነበር፤ እሱንም ግማሹን። ይሄን ግን አሁን በእጄ ዳስሼዋለሁ። ወልዱ፣ እጅህን አምጣ።»

የወልዱን እጅ ይዞ እብጠቱ ላይ አስቀመጠው። ወልዱ ዳሰሰው። ፊቱ ትንሽ ተለወጠ፣ አፉ ግን አልተለወጠም።

«ትንሽ ናት።»

ከፊት ወንበር የተቀመጡት እማማ ማሚቴ፣ የማኅበሩ ትልቅ፣ በመስኮቱ ብቅ አሉ።

«ልጄ፣ ስለ ሰማዩ የተሳሳተው አንተ ነህ?»

«አዎ እማማ፣ እኔ ነኝ።»

«ይሄኛውንስ ተሳስተህ ይሆን?»

ቶለሳ አሰበ። «ሊሆን ይችላል» አለ። «ጎማውን ሳይቀዱት ውስጡን የሚያይ ሰው የለም። ግን የገዛ እናቴን አላሳፍርበትም።»

እማማ ማሚቴ በሩን ከፈቱ። «እኔ እወርዳለሁ። ድሮም በእግሬ ነበር የምወጣው፣ ታክሲ ያመጣብን ስንፍና ነው።» ተራ በተራ ወረዱ። ስምንቱ በሌላ ታክሲ ሄዱ፤ እማማ ማሚቴና ሁለት ሴቶች ግን ምርኩዛቸውን ይዘው ዳገቱን በእግራቸው ተያያዙት። ወልዱ አሥራ አንዱን ሰው በዓይኑ ከሸኘ በኋላ ራሰ በራውን ስኮርታ ራሱ ገጠመ፤ ባዶውን ሚኒባስ ቀስ እያለ ወደ ታች ይዞት ወረደ። ያበጠውን ጎማ ትቶት ሄደ።

ቶለሳ ጎማውን በግድግዳው ሚስማር ላይ ሰቀለው። አልቀደደውም። ባለቤቱ ሳይቆም የሰው ጎማ አይቀደድም፤ ያስተማሩት ሽማግሌ ያወረሱት ሕግ ነው። ቀድዶ ቢያየው ነገሩ በዚያው ሰዓት ይለይለት ነበር፤ ትክክል ከሆነ እፎይ ይላል፣ ካልሆነም ያውቀዋል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጎማው ከፊቱ ተሰቅሎ እያየው ሠራ። ወልዱ በዚያ መንገድ ያልፋል፤ ጥሩምባ ግን አይነፋም። እሑድ ሲደርስ እነ እትዬ ንግሥት እየመጡ ፎቶ ያያሉ፤ ቶለሳ ክሩን ይለጥፋል፤ ስለ ዱካ ግን ትንፍሽ አይልም። አንዴ ሀያም፣

«ጋሽ ቶለሳ፣ ይሄኛውን ዱካ እንዴት አዩት?» ብትለው፣

«ሁለቱን ወገን አሳዪኝና እነግርሻለሁ» አላት።

በየካቲት አጋማሽ እሑድ ወልዱ መጣ። አዲስ ጎማ ገዝቷል፤ ሊያስገጥም ነው። ሰላምታም ስድብም አልሰጠም። ግድግዳው ላይ ያለውን ሲያይ ግን ቆመ።

«እስከ ዛሬ አልቀደድከውም?»

«ያንተ ነው።»

«ቅደደው።»

የተሰበሰበው ሁሉ ተነሳ። ቶለሳ ሹል ቢላዋውን በሳሙና ውሃ አርሶ ከእብጠቱ አንድ ስንዝር ወዲህ ጀምሮ ቀደደ። ላስቲኩን ገልብጦ ውስጡን ወደ ብርሃን አዞረው። እብጠቱ ያለበት ቦታ ላይ ክሮቹ ተበጥሰው እንደ ተፈታ ጥለት ጫፋቸው ተንጨፍርሯል፤ ሦስት ጣት ስፋት ያህል። ከዳርና ዳሩ ያሉት ግን ደህና ናቸው፤ ሙሉ ናቸው።

ወልዱ ጎንበስ ብሎ አንዱን ክር በጥፍሩ ጎተተ።

«ግማሹ ደህና ነው።»

«ደህና ነው።»

«እንጦጦ ይደርስ ነበር።»

«ሊደርስ ይችል ነበር» አለ ቶለሳ። «ዳገቱን በዝግታ ነው የምትወጣው። መውረዱን ግን እንጃ። ፍሬን እየያዝክ፣ ጎማው እየጋለ፣ አሥራ አንድ ሰው ጭነህ። አላውቅም ወልዱ። እውነቴን ነው፣ አላውቅም።»

ወልዱ ክሩን ለቀቀው። ወደ ካርቶኑ ሄዶ ቀዩን መስመር ተመለከተ።

«እኔ በሌለሁበት ስንት ሄደች?»

«አንድ ጥፍር አይሞላም።»

«ወይ አንቺ በቅሎ!» አለና አሮጌ ጎማ ስቦ ተቀመጠ። እትዬ ንግሥት የሳምንቱን ፎቶ ከፈቱ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሾፌሮቹ ቀልዱን አልተዉም፤ ቶለሳ «ውረድ» ሲል ግን ይወርዳሉ። እየቀለዱ ይወርዳሉ። አዲስ ችግር ደግሞ መጣ፤ ስሙ ስለታወቀ ከሩቅ ሠፈር ሳይቀር የጎማ ፎቶ በቴሌግራም ይጎርፍለት ጀመር፤ «ጋሽ ቶለሳ፣ ይሄ ጎማ ጅማ ያደርሰኛል?» የሚል ጥያቄ አለበት። ይህን ታሪክ ልጽፍ ሱቁ በሄድኩ ጊዜ ስልኩን አሳይቶኛል፤ አርባ ሁለት ያልተመለሰ ጥያቄ ቆጥሬያለሁ። ስለ እሱ እንደምጽፍ በነገርኩት ጊዜ መጻፌን አልተቃወመም፤ አንድ መልእክት ብቻ እንዳደርስለት ጠየቀኝ። በራሱ አፍ እንዲህ ነው፦

«ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ፎቶ አትላኩልኝ። በፎቶ ፈርጄ አይቻለሁ። ብመልስላችሁ ብትሞቱ፣ ባልመልስላችሁ ብትቀየሙ፣ ሁለቱም የኔ ነው። ጎማው የሚያስፈራችሁ ከሆነ ካላችሁበት አትነሱ፤ ደውሉልኝ፣ እኔ ክሪኬን ይዤ እመጣለሁ። የሚሽከረከር ከሆነ ደግሞ ቀስ እያላችሁ ወደ ሱቅ አምጡትና እጄን ላስገባበት። እባካችሁ።»